ውሃ ከዘይት ሥር

ጡረታ ስወጣ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛውን ሰብስቦ ንግግር አደረገ። ወጣት ነው፤ ከመጣ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ፋይሌን ገልጦ እያየ፣ «እትዬ ሀዋ በዚህ ወጥ ቤት በሠሩበት ዘመን ሁሉ አንድም ጥፋት አልተመዘገበባቸውም» አለ። ሰው አጨበጨበ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ ቆረስኩ፣ ፎቶ ተነሣን። ፎቶውን ያየችው ልጄ ራሕማ፣ «እማ፣ ምነው ለቅሶ ቤት የተቀመጥሽ መሰልሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

አልተመዘገበም ማለትና አልተሠራም ማለት አንድ አይደለም። ጥፋት አለብኝ፤ እንዳይመዘገብ ያደረግሁትም እኔው ነኝ። አሁን ጎሮ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ሥራ ፈትቶ፣ ነገሩን እንደሆነው ልጽፈው ነው። ግን መጀመሪያ ስለ ዘይት ማውራት አለብኝ። የአርባ ዓመት እንጀራዬ እሱ ነው፤ ጥፋቴም ከዚያው ነው።

ከወሎ የመጣሁት ገና ልጃገረድ ሳለሁ ነው። ዘመዶቼ ወሎ ሰፈር ስለነበሩ እዚያው አንድ ኬክ ቤት ሰሃን አጣቢ ሆኜ ገባሁ። ኬክ ቤት ይባል እንጂ ኬክ የሚበላበት ሰው ጥቂት ነበር። ደንበኛው የጋራዥ ሠራተኛና የታክሲ ረዳት ነው፤ የሚፈልገውም ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ ነው። የመጥበሻው ጌታ ደግሞ ጋሽ ከድር የሚባሉ የስልጤ ሰው ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጥፍራቸውን በየቀኑ የሚቆርጡ ሰው። ከትከሻቸው ላይ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አይለይም፤ ጨርቁን ራሳቸው አጥበው ራሳቸው ያሰጡታል፤ ለማንም አይሰጡም። ዘይት ውስጥ የሚገባውን ነገር ሁሉ በዚያ ጨርቅ ሳያደርቁ አያስገቡም። ድንቹን ያደርቃሉ፣ ጭልፋውን ያደርቃሉ፣ የራሳቸውን እጅ ያደርቃሉ። እኔ በልቤ «ሽማግሌው ዘይቱን የሚሞሽሩት ነው የሚመስለው» እያልኩ እስቅባቸው ነበር።

አንድ ቀን ጭልፋ አጥቤ ሳልጠርገው አቀበልኳቸው። እጃቸው ላይ ሊጥ ነበርና «የበሰለውን አንቺው አውጪልኝ» አሉኝ፤ ጭልፋውን እንደረጠበ ዘይቱ ውስጥ ከተትኩት። ዘይቱ ጮኸና ክንዴ ላይ ተፋብኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ምድጃውን አጠፉ። እኩል የሆኑ ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች አመጡና አንዱን በውሃ፣ ሌላውን በዘይት እስከ አፉ ሞሉ። ሁለቱን በዱቄት ሚዛኑ ላይ በየጎኑ አስቀመጡ። የውሃው በኩል ወረደ።

«ልካቸው እኩል አይደለም?» አሉኝ።

«እኩል ነው።»

«ታዲያ ውሃው ለምን ወረደ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሽ ከድር።»

«በአንድ ልክ ቦታ ውሃ ከዘይት ይከብዳል። በቃ ይኼው ነው። አሁን ነይ እዪ» ብለው ከውሃው ትንሽ ወደ ዘይቱ ብርጭቆ ጠብ አደረጉ። ውሃው ዘይቱን ሰንጥቆ አለፈና ከሥር ተኛ። «ውሃ ከላይ ቢቀር ኖሮ እንፋሎት ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄድ ነበር፤ እኛም በሰላም እንኖር ነበር። ግን ከባድ ነውና ከሥር ይገባል። ከሥር ሲፈላ መውጫ ይፈልጋል፤ ሲወጣ ደግሞ ከላዩ ያለውን ዘይት ተሸክሞ ነው። ወዴት ይመስልሻል የሚወስደው? ወደ ፊትሽ ነው።»

በኋላ ላይ ይህን ለራሕማ ስነግራት፣ «እማ፣ ይኼ እኮ ዴንሲቲ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ተምረነዋል» አለችኝ። ጋሽ ከድር ስምንተኛ ክፍል አልደረሱም። እኔም አልደረስኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሃን ማጠቡን ትቼ ከመጥበሻው ጎን ቆምኩ። የተማርኩትን ሁሉ ልዘርዝር ብል አያልቅም፤ የማልረሳቸውን ብቻ ልናገር። ረመዳን ሲገባ ጋሽ ከድር ይጾማሉ፣ ለማፍጠሪያ የሚሸጠው ሳምቡሳ ግን ከአስር ሰዓት ጀምሮ መድረስ አለበት። መቅመስ የለም። ታዲያ የዘይቱን ነገር በምን ያውቁታል? የጥፍር ያህል ሊጥ ቆንጥረው ይጥላሉ። ሊጡ ከሥር ተኝቶ ከቀረ ዘይቱ ገና ነው። ጭራሽ ሳይሰምጥ ከላይ ከተንጫጫ ዘይቱ አልፎበታል፤ ውጭው አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ወርዶ፣ ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ሲወጣ፣ «ቢስሚላህ» ብለው መጣል ይጀምራሉ። ሳምቡሳ ከሥር ቀርቶ አልወጣ ካለ ጠርዙ ተከፍቷል ማለት ነው፤ አየሩ ወጥቶ ዘይት ገብቶበታል። «ይኼ ጠጥቷል» ይሉና አውጥተው ለብቻው ያስቀምጡታል፤ ለሰው አይሸጡትም።

ቦምቦሊኖማ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። በደንብ የቦካ ሊጥ ዘይት ላይ ከፍ ብሎ ስለሚንሳፈፍ ወገቡ ዘይት አይነካውም። አንዱ ፊቱ ሲጠበስ፣ ሲገለበጥም ሌላው ሲጠበስ፣ መሃሉ ላይ ነጣ ያለ መስመር ይቀራል። ጋሽ ከድር «መቀነት» ይሉታል። መቀነት ያልታጠቀ ቦምቦሊኖ ሊጡ ሳይደርስ የተጣደፈ ነው፤ ወደ ታች ስለሚሰምጥ ዙሪያውን ይጠቁራል፣ ሲበሉትም ድንጋይ ነው። «ያው ሊጥ፣ ያው ክብደት» ይሉኝ ነበር የደረሰውንና ያልደረሰውን በሁለት እጃቸው ይዘው፤ «ይኼኛው ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይዟል፤ ዘይቱ የሚሸከመው ለዚህ ነው።» እስከ ዛሬ የትም ቤት ቦምቦሊኖ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የማየው ወገቡን ነው።

የጋሽ ከድር አንድ ጠባይ ግን ያናድደኝ ነበር። የሚያውቁትን ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገራሉ። ሻይ ሊጠጣ የገባ ሹፌር «እንዴት ነው ይኼ ነገር?» ካለ ሚዛኑና ብርጭቆው ይወጣል። ከእኛ ጋር የሚሠራ አንድ ሰው ይህን ሁሉ በሚገባ ተማረና ከመንገዱ ማዶ የራሱን ከፈተ። በዓመቱ ከደንበኛችን ግማሹ መንገድ ተሻገረ። የኬክ ቤቱ ባለቤት መጥበሻውን ዘጋችው፤ ጋሽ ከድርም እኔም ሥራ ፈታን። ስንሰነባበት ከነንዴቴ ነበርኩ።

«እርስዎ ነዎት ያስተማሩት» አልኳቸው። «ሙያ በልብ ነው ሲባል አልሰሙም?»

ጨርቃቸውን እያጠፉ ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ሀዋ፣ ጣዕሙን ደብቂ ካልሽ ደብቂ፤ አልፈርድብሽም» አሉኝ። «አደጋውን ግን ለጠላትሽም ቢሆን ንገሪ።»

ጣዕሙን የምትለውን ያዝኩ። የቀረውን በዚያ ጆሮዬ አስገብቼ በዚህ አስወጣሁት። ጋሽ ከድር ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ፤ አላህ ይማራቸው። ያቺን ነጭ ጨርቅ ቤተሰቦቻቸው ሰጡኝ፤ አሁንም ሣጥኔ ውስጥ አለች።

ከዚያ መገናኛ አንድ ምግብ ቤት ጥቂት ዓመት ሠራሁ። የአለቃዬን ነገር ባነሣ ሐሜት ይሆንብኛል፤ ዘይቱ እስኪጠቁር የማይቀይር ሰው ነበር፣ በዚሁ ይብቃኝ። ቀጥሎ ቦሌ ይህ ሆቴል ተቀበለኝና እዚያው ጡረታዬ ደረሰ። የመጥበሻው ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ደመወዙ ደህና ነበር፣ ራሕማን ያስተማርኩበት ነው። በሆቴል ወጥ ቤት ደግሞ ሁሉም ሰው የሁሉንም ቦታ ያያል፤ የዛሬ ረዳትሽ የነገ አለቃሽ ነው። ወሎ ሰፈር ላይ የሆነው እንዳይደገምብኝ ፈራሁ። ስለዚህ ጋሽ ከድር ያስተማሩኝን ሁሉ ሰው ሳይመጣ መጨረስ ለመድኩ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እገባለሁ። በበረዶ የጠጠረውን ዓሣ ከማቀዝቀዣ አውጥቼ አቀልጠዋለሁ፣ አንድ በአንድ በጨርቅ አደርቀዋለሁ፣ ደርድሬ እሸፍነዋለሁ። የረጠበውን ጨርቅ ጠቅልዬ ልብስ ማጠቢያው ክፍል እጥለዋለሁ። ሌሎቹ በሁለት ሰዓት ሲገቡ የሚያዩት ዓሣ ደረቅ፣ የተዘጋጀ፣ በሐዋርያ እጅ የተባረከ የሚመስል ዓሣ ነው። ሲጠበስ አይጮህም፣ አይተፋም። «የእትዬ ሀዋ እጅ» ይላሉ። እኔም ደስ ይለኛል። ውሸታም አይደለሁም፤ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ወይንሸት የመጣችው ከልብስ ማጠቢያው ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆናት የሁለት ልጆች እናት፣ በጊዜያዊ ቅጥር የገባች፣ ፈጣን፣ ጠያቂ ሴት ነበረች። ወጥ ቤት ሰው ሲጎድል እኔ ጋ መደቧት። በመጀመሪያው ሳምንት፣ «እትዬ ሀዋ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችኝ። «ታች ሳለሁ በየጠዋቱ ዓሣ ዓሣ የሚሸት እርጥብ ጨርቅ ክምር አጥብ ነበር። ምንድነው እሱ?»

«ጠረጴዛ ሲጠረግ ነው» አልኳት።

«ያን ያህል?»

«ጠረጴዛው ብዙ ነዋ።»

ሳቀች። አላመነችኝም፤ ግን ትልቅ ሰው ነኝና አልተከራከረችም። ሌላ ቀን የዘይቱን ሙቀት እንዴት እንደማውቅ ጠየቀችኝ፤ «ቀስ ብለሽ ትደርሺበታለሽ» አልኳት። ብዙ ጊዜ ጠይቃኛለች። ለእያንዳንዱ ጥያቄዋ መልስ ነበረኝ፤ መልሶቼ ሁሉ ግን በር መዝጊያ ነበሩ።

አርብ ነበር፣ ያውም በዐቢይ ጾም። የጾም ዓሣ የሚያዝዘው ሰው አዳራሹን ሞልቶታል። ያዘጋጀሁት ዓሣ የሚበቃ መስሎኝ፣ «ዙህር ሰግጄ እስክመለስ ያለውን ጥበሺ» ብያት ዕቃ ቤቱ ውስጥ ወዳለችው መስገጃዬ ሄድኩ። ስሰግድ ከአዳራሽ ሌላ ትእዛዝ መጣ። የተዘጋጀው አለቀ። ወይንሸት ማቀዝቀዣውን ከፈተች፤ በበረዶ የተያያዘ ዓሣ አገኘች። ዓሣ ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ምን እንደሚደረግ አይታ አታውቅም፤ እኔ ከማንም ዓይን ሸሽጌ ነው የምሠራው። እንዳለ ከነበረዶው ወደ ዘይቱ ጣለችው።

ጋሽ ከድር አንድ ጊዜ በረዶ ቀዝቃዛ ዘይት ውስጥ ጥለው አሳይተውኝ ነበር። በቀዝቃዛ ዘይት በረዶ እንዳኮረፈ እንግዳ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይል ይንገዋለላል። የጋለ ዘይት ግን ስለሚለጠጥ ይቀላል፤ በረዶውን አይሸከመውም፣ ወደ ሥር ይለቀዋል። ይህን እኔ አውቅ ነበር። እሷ በየት ታውቀዋለች?

ጩኸቱን ሰማሁት፤ መጀመሪያ የዘይቱን፣ ቀጥሎ የእሷን። ሰላቴን አቋርጬ ስሮጥ ወይንሸት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ይዛዋለች። አንገቷም ተነክቷል። እጇን ቧንቧ ሥር ይዤ ቀዝቃዛ ውሃ ስለቅበት፣ «እትዬ ሀዋ፣ ምን አጠፋሁ?» ነበር የምትለኝ። መኪና መጥቶ ወደ ሆስፒታል እስኪወስዳት ድረስ ያንኑ ትጠይቀኝ ነበር።

በማግስቱ አለቆቹ ጠሩኝ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ በረዶ ያለበት ነገር ዘይት ውስጥ እንደማይገባ ነግሬያት ነበር ወይ? በዚያች ቅጽበት ራሕማ ትዝ አለችኝ፤ የትምህርት ቤት ነገር፣ የቤት ኪራይ። ኃላፊነቴ ትዝ አለኝ።

«ነግሬያታለሁ» አልኩ። ሳይበቃኝ ጨመርኩበት፤ «ደጋግሜ ነግሬያታለሁ።»

ጻፉት፤ ፈረምኩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወይንሸት እጇን እንደተጠቀለለች መጣችና ወረቀቱ ተነበበላት። እኔም እዚያው ነበርኩ። ቀና ብላ አየችኝ። «ውሸታም» ትለኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን «ይሆናል» ብቻ አለች። ንቃኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ቅጥሯ አልታደሰም፤ ከዚያ በኋላም አላየኋትም።

በሳምንቱ ሚዛን አስመጣሁ። ሁለት ብርጭቆ አመጣሁ። ለወጥ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ፣ ለአስተናጋጁም ሳይቀር፣ ውሃና ዘይቱን አሳየሁ። ዓሣውን ሁሉም እያየኝ ማድረቅ ጀመርኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ጎበዝ አስተማሪ ነሽ ተባልኩ፤ ምስጋናው እንደ ትኩስ ዘይት ነበር የሚያቃጥለኝ።

እንግዲህ ይህ ከሆነ ስምንት ዓመት አለፈ። ከስንብቱ ንግግር በኋላ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ወደ ሆቴሉ ተመልሼ ለወጣቱ ሥራ አስኪያጅ እውነቱን ነገርኩት፤ «ፋይሌ ላይ ጻፈው» አልኩት። ግራ ገባው። «እትዬ ሀዋ፣ ፋይልዎ እኮ ተዘግቷል። ጡረታ በወጣ ሰው ላይ ጥፋት የምንሞላበት ፎርም የለንም» አለኝ። ምስኪን፣ ሊያጽናናኝ ነው። ስወጣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ የወይንሸትን የድሮ ጓደኛ ሰፈሯን ጠየቅኋት። ጎሮ ነው አለችኝ። ከቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ጎረቤት ነበርን።

ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ድንች የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለቻት። ገና ከሩቅ አየችኝና፣ «እትዬ ሀዋ!» ብላ ብድግ አለች። ሳመችኝ። ለእኔ ወንበር ለቅቃ እሷ በተገለበጠ የቲማቲም ሳጥን ላይ ተቀመጠች። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ታጥፈው ቀርተዋል። ድንቹን በግራ እጇ ነው የምታነሣው። ስለ ልጄ ጠየቀችኝ፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ። ምሳ ካልበሉ ብላ ተነሣችና ወዲያው፣ «ሽሮ ነው ያለኝ፤ ጥብስ ነገር ቤቴ አልሠራም፣ ዘይት ሲግል ማየት አልችልም» ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት።

ለመናገር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«እንኳን መጡልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ስንት ጊዜ አሰብኩ መሰልዎት» አለች። «ያኔ የነገሩኝ ጊዜ የት ቆመን ነበር?»

«የምን ጊዜ?»

«ስለ በረዶው የነገሩኝ። ደጋግመው ነግረውኛል ተብሎ ተጽፏል። እኔ ግን አንዱንም ላስታውሰው አልቻልኩም። ሌሊት ተኝቼ፣ መጥበሻው ጋ ነበርን? ዕቃ ቤት ነበርን? እላለሁ። በኋላ አንድ ምግብ ቤት ሥራ ሰጥቶኝ ነበር፤ የተነገረኝን የምረሳ ሰው ነኝ፣ ሰው አስፈጃለሁ ብዬ ተውኩት። ልጆቼም ለምደውታል፤ ዕቃ ሲጠፋ፣ እማ ናት የረሳችው ይላሉ።»

ለስምንት ዓመት ንቀት የመሰለኝ ያ «ይሆናል» የሚለው ቃሏ እምነት ነበር። ትልቅ ሰው አይዋሽም ብላ፣ እኔን አምና ራሷን ጠረጠረች። እጇን ያቃጠለው ዘይቱ ነው። ይኼን ያደረግሁባት ግን እኔ ነኝ።

«የትም አልቆምንም» አልኳት። «አልነገርኩሽም፣ ወይንሸት። አንድም ቀን አልነገርኩሽም። ዋሽቼ ነው የፈረምኩት።»

ከፊቷ ያለውን ድንች አንድ በአንድ እያነሣች ወደ ሌላ ጎን ደረደረችው። ሴት መጥታ ሽንኩርት ገዛች፤ መዘነችላት፣ መልስ ሰጠቻት። እኔ ተቀምጫለሁ። ሴትየዋ ስትሄድ፣ «እንግዲያው አሁን ይንገሩኝ» አለችኝ።

ብርጭቆ ጠየቅኋት። ከመደርደሪያዋ ላይ ካለው የሚሸጥ ዘይት አንዱን ከፈተችና እስከ ብርጭቆው ግማሽ ቀዳች። ከጆግ ትንሽ ውሃ ጠብ አደረግሁበት። ውሃው ዘይቱን ሰንጥቆ አለፈና ከሥር ተኛ። ጋሽ ከድር የነገሩኝን እንዳለ ነገርኳት፤ በአንድ ልክ ቦታ ውሃ ከዘይት እንደሚከብድ፣ ከሥር ሲፈላ ዘይቱን ተሸክሞ እንደሚወጣ፣ በረዶም በጋለ ዘይት ውስጥ ወደ ሥር እንደሚሄድ።

ብርጭቆውን አንሥታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው።

«ይኼው ነው?»

«ይኼው ነው።»

«ያ ሁሉ እርጥብ ጨርቅስ?»

«ዓሣውን የማደርቅበት ነበር።»

«እኔ ነበርኩ እኮ የማጥበው» አለች ቀስ ብላ። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችኝም፤ እኔም በይኝ አላልኳት፣ ፊት አልነበረኝም። ልሄድ ተነሥቼ ብርጭቆውን ልደፋላት እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ።

«አይድፉት» አለች። «ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመጡ አሳያቸዋለሁ። እናታቸው እንዳልረሳች ይወቁ።»

ብርጭቆውን ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጥኩላትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።